ካያኳ የማን ልክ ናት?

ጄኔሬተር ጠጋኙ አንድ ቀን መኪናው ጣሪያ ላይ ካያክ ጭኖ መጣ። ሰው እግሩን ዘርግቶ ብቻውን የሚቀመጥባት ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ናት፤ ይቺኛዋ ቢጫ ነበረች። በልብስ ሰፊዋ ግቢ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር አጋደማት።

«ሐይቁ ላይ ዓሣ ላጠምድባት ነው» አለ።

«አንተ? ባልዲ ውስጥ የወደቀ ሳሙና እንኳን ይዘህ አታውቅም!» አለችው።

ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሳቅ ትወደዋለች። ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ያጣላቸው ነገር ቢኖር ሥራው ብቻ ነው። የሳምንቱን እኩሌታ መስክ ነው። በዓል ሲመጣ ደግሞ የሆነ አገር ጄኔሬተር ሳይበላሽ አይቀርም። ቤት ሲሆን ግን ሸጋ ሰው ነው፤ ሻይ ያፈላል፣ ዓይኗ ሲደክም ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ያስገባላታል።

ካያኳን ማሰናዳት ጀመረ። ጀማሪ ነውና ያገኘውን ሁሉ ገጠመባት። የማጥመጃ ዘንግ መሰኪያውን በስተቀኝ፣ ከመቀመጫው ፊት በቡሎን አሰረው። ከዚያ ግቢው መሀል ቁጭ ብሎ አየሩን መቅዘፍ ጀመረ። መቅዘፊያው ዘንጉን መታ፣ ዘንጉ ገመዱን ሳበ፣ የታጠበው አንሶላ እላዩ ላይ ወረደ።

ልብስ ሰፊዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በካያኳ የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ መሰኪያውን ነቀለው፤ ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፍኖ በስተግራ ተከለው።

«ቀኝ እጅህን ማን ወሰደብህ?»

«ለሚዛን ነው።»

ቀጥሎ እግር መርገጫውን ወደ መቀመጫው አስጠጋው። ሰውየው ረጅም ነው። ተቀምጦ ሲሞክራት ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደረሰ።

«አንበጣ መሰልክ እኮ።»

«ውሃ ላይ ሌላ ነው» አላት፣ ፕላስቲክ ውሃ ሲነካው የሚረዝም ይመስል።

እጁን ሊታጠብ ሲገባ፣ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትር አወረደች። ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ለካች። የወገብ ቀበቶው የታሰረበትን አየች። መሰኪያውን አየች። የሰው ልክ ማንበብ እንጀራዋ ነው።

አጭር። ዳሌዋ ሞላ ያለ። ግራኝ።

ያላየቻትን ሴት ቀሚስ ያለ ልኬት ልትቆርጥላት ትችል ነበር።

ለጎረቤቷ ለፀጉር ሠሪዋ ነገረቻት።

«አንቺ ደግሞ! ላንቺ ቢሆንስ? ድንገት ሊያስደስትሽ አስቦ ቢሆንስ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ይህ ትንሽ አበረዳት። እሱ በሌለበት ጫማዋን አውልቃ ካያኳ ውስጥ ገባች። እሷም ቁመተ ሎጋ ናት፤ ጉልበቷ አገጯን ሊመታት ደረሰ። መሰኪያው ደግሞ ለማትጽፍበት፣ ለማትቆርጥበት እጅ ነው። ወጥታ የካያኳን ጎን በእርግጫ መታችው፤ የተጎዳው ግን የእግሯ ጣት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው አዲስ የዋና ጃኬት ይዞላት መጣ፤ ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ የሚያንሳፍፈውን።

«የኔ ቆንጆ፣ ትከሻው ላይ አሳጥሪልኝ።»

«ለማን ልክ?»

«ዝም ብለሽ አሳጥሪው፤ የመደብር ነገር ትልቅ ነው።»

ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። ክሩን አላልታ ብትሰፋውስ? መሀል ሐይቅ ላይ ብትንት ቢልስ? ሐሳቡ ጣፈጣት። እጇ ግን እምቢ አለ። አሥራ ምናምን ዓመት የረባ ስፌት የለመደ እጅ ነው፤ ደጋግሞ፣ አጥብቆ ሰፋው። ቂሟን የተወጣችው ደረቱን በማጥበብ ብቻ ነው። ብትንሳፈፍም ተጨንቃ ትንሳፈፍ።

ቅዳሜ ሰውየው ካያኳን ጭኖ ጉንጯን ሳማት። «መስክ ነኝ፤ ማክሰኞ እመጣለሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ ከበሯ ብቅ አለች። «ጄኔሬተር በጀልባ መጠገን ጀመሩ እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ጥሩ ቀሚሷን ለበሰች፣ ከንፈሯን ተቀባች፣ ታክሲ ያዘች። ሐይቁ እስክትደርስ የምትለውን ስትለማመድ ሾፌሩ በመስታወት ሰረቅ እያደረገ ያያት ነበር።

መኪናው ዳር ላይ ቆሟል፤ እሱ አይታይም። ቢጫዋ ካያክ ግማሽ ውሃ ላይ፣ ግማሽ አሸዋ ላይ ናት። ውስጧ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አጭር። ዳሌዋ ሞላ ያለ። ዘንጉን በግራ እጇ ይዛለች።

ልብስ ሰፊዋ ልክ ስታ አታውቅም።

«ጃኬቱ ደረት ላይ አልጠበበሽም?» አለቻት ቀርባ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ወይ ጉድ፣ በምን አወቅሽ? ትንፋሼን ነው ያሳጠረኝ!»

«እኔ ነኛ የሰፋሁት።»

«እንዴ፣ ሰፊዋ አንቺ ነሽ? ጠዋት ስፌቱን ሳደንቅ ነበር። እጅሽ ይባረክ!»

ታክሲ ውስጥ የተጠናው ንግግር ተበታተነ። ልብስ ሰፊዋ የቀረውን ለቃቀመች።

«ምርቃትሽን ያዢው። ያ ባለ መኪና ባለቤት አለው። የሰው ትዳር ውስጥ ስትገቢ ትንሽ አይከብድሽም?»

ሴትዮዋ ዘንጉን ጭኗ ላይ አጋደመች። የቆመችውን ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ከንፈሯን፣ ቀሚሷን። አልተቆጣችም። እንዲያውም አሳዘነቻት።

«ሰው ተሳስተሽ ነው፣ እህቴ» አለቻት ቀስ ብላ፤ «እሱ የሃያ ዓመት ባሌ ነው፤ ያውልሽ፣ ከመኪናው ጀርባ ከልጆቻችን ጋር ለመንጠቆ ትል እየመረጠ።»