አሥራ አምስት አምፔር

የመለኪያው ቀስት ሠላሳ አምፔር ላይ ቆመ። ከጎረቤት ላዳ ላይ የተፈታው ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ፣ እንዲህ እየተሳበ የአባቷን የኦክስጅን ማሽን ማስኬድ የሚችለው ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። በሆልጊን ከተማ መብራት የሚመጣው ደግሞ ገና አራት ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ያውም ከመጣ። መለኪያውን በጀርባዋ ከለለችው።

«ስንት አነበብሽ?» አሉ አባቷ ከጭምብሉ ሥር። አርባ ዓመት ፊዚክስ ሲያስተምሩ ስሌት የሳተውን ተማሪ ይምሩት ነበር፤ ያላነበበውን ቁጥር አነበብኩ የሚለውን ግን ዜሮ አሸክመው ነበር የሚሸኙት።

«አሥራ አምስት፣ አባዬ። አራት ሰዓት ያቆየናል።»

«ወሬ አልጠየቅሁሽም፤ ሥሪው! ረዚስታንሱንም ኃይሉንም።»

ደብተሩ ላይ ሠራችው። አሥራ ሁለት ለአሥራ አምስት ሲካፈል ዜሮ ነጥብ ስምንት ኦም፤ አሥራ ሁለት በአሥራ አምስት ሲባዛ መቶ ሰማንያ ዋት። ሰጠቻቸው።

ደብተሩን አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ማሽኑ ሄደ፤ ጎኑ ላይ በትልቁ «350 ዋት» ተጽፎበታል። ደብተሩን ልትነጥቃቸው እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን ቀዩን እስክሪብቶ ከፒጃማቸው ኪስ አውጥተው ነበር። ቀስ ብለው የትክክል ምልክት አደረጉ፤ ከላዩም መቶ ከመቶ ጻፉ።

«ጎበዝ ልጄ» አሉ። «አሁን ያንን ሰዓት ከግድግዳው ላይ አውርጂልኝ።»