ያገባ፣ ያላገባ

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ መጋረጃ የምትሸጠው ዘይነት ሱቋን በድረ ገጽ ያወጣችላት ልጇ ሀኒያ ናት። የፊት ገጹ ላይ እናትና ልጅ ከባንኮኒው ኋላ ቆመው የተነሱት ፎቶ አለ። ዘይነት ባየችው ቁጥር ይቆጫታል። የደረሰች ልጅ መልክ እንደ ጨርቅ ናሙና ለአገር ይዘረጋል?

የፈራችውም ደረሰ። ኑርሑሴን የሚባል የወረታ ሰው በደንበኝነት ተመዘገበና መጋረጃ አዘዘ። በሳምንቱ ደግሞ አዘዘ። ያዘዘው በሚኒባስ ተልኮለት ገና መንገድ ላይ ያለችውን ሐሙሲት ከተማ ሳያልፍ ሌላ ያዛል።

«ይኼ ሰው ቤት ነው የሠራው ወይስ መስኮት ብቻ?» አለች ዘይነት።

ሀኒያ ሳቀች። ሳቋ እናቷን አልጣማትም። ልጅቱ ኮሌጅ ልትጨርስ ጥቂት ነው የቀራት። ዘይነት ራሷ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ የተዳረች ናት፤ ባሏ ሊሞት ሲል፣ ሀኒያ ሳትመረቅ አልድራትም ብላ ቃል ገብታለታለች።

እናም ሰውየውን በመመዝገቢያው ገጽ በኩል ልታጣራው ቆረጠች። ጥያቄ መጨመር ወጥ ላይ ጨው ጣል እንደ ማድረግ ቀላል መሆኑን፣ አዲስ ጥያቄ ሲገባ የቆየውም ደንበኛ ሳይመልስ እንደማያልፍ ሀኒያ ነግራታለች።

መጀመሪያ «የአባትዎ ሥራ» ተጨመረ። ነጋዴ ነበሩ ብሎ ሞላ። «ጫት ይቅማሉ?» አልቅምም አለ። መጋረጃ ፈልጋ የገባች የሹም አቦ ሰፈር ነርስም ይኸው ጥያቄ ደረሳትና ደውላ፣ ጨርቅ ልገዛ ነው ወይስ ልዳር ነው የተመዘገብሁት ስትል ጠየቀች። ዘይነት ይቅርታ ብላ ዋጋ ቀነሰችላት፤ ጥያቄውን ግን ከገጹ አላነሳችውም።

ሀኒያ ዕድሜም እንጠይቅ ስትል ግን እናቷ አልተስማማችም።

«ነውር ነው። እኔስ ብጠየቅ እናገራለሁ?»

ደግሞስ ይኼ ሰው ስልክ ሲነካካ የሚውል ጎረምሳ እንጂ ማን ይሆናል?

ቀጥለው «ያገባ» እና «ያላገባ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ገቡ። ኑርሑሴን «ያላገባ» የሚለውን መረጠና ከሥሩ ባለው የአስተያየት ቦታ፣ ምርጫው አነሰኝ ብሎ ጻፈ።

«ጉድ እኮ ነው» አለች ዘይነት። «አንዷን እንኳ ሳያገኝ ምርጫ አነሰኝ ይላል።»

ከተከታዩ ትእዛዝ ጋር ደግሞ ማስታወሻ መጣ። ያለፈውን ጨርቅ የለካው ሌላ እጅ ስለሚመስል፣ ይህን እባክዎ እርስዎ ራስዎ ይለኩልኝ ይላል። ዘይነት እያጉረመረመች ለካች፤ እያጉረመረመችም አንድ ክንድ ያህል መረቀችለት።

«ገና ልጅ ሳይሰጡት አማቱን ማባበል ጀመረ» አለች።

በመጨረሻ የመጨረሻውን ጥያቄ አስገባችለት፦ «ከዚህ ቤት የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

መልሱ በገጹ አልመጣም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከወረታ ሽማግሌዎች መጡ። የገዛ ወንድሟ አብዱልከሪም ከመካከላቸው ተቀምጦ ዓይኗን ይሸሻል። ሀኒያን ወደ ጓዳ ልትልካት ስትል፣ ታላቁ ሽማግሌ ልጅቱ ትቀመጥልን ብለው ለመኑ።

ዘይነት አፍ አላስከፈተቻቸውም። ልጇ ተማሪ መሆኗን፣ ለሟች የገባችው ቃል መኖሩን፣ ሰውየው ወረታን በሙሉ መጋረጃ ቢያለብሳት እንኳ ልጅ እንደማትሰጠው ባንድ ትንፋሽ ተናገረች።

ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሟት። ሲበቃት ወደ ሀኒያ ዞሩ።

«ትምህርትሽንማ ጨርሺ፣ ልጄ። ኑርሑሴን ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። አጎትሽ ፈቅዷል፤ የቀረሽን አንቺ ነሽ። እናትሽን ትሰጪናለሽ?»