ከነልስኑ

ሠዓሊዋ ወደ ጥጉ ምግብ ቤት የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው። የምግብ ቤቱን ባለቤት የመንገድ ዳሩን ግድግዳ በድሮ ዘመን ማስታወቂያ መልክ በነጻ ልሳልልሽ አለቻት፤ ሴትዮዋም ደስ እያላት ተስማማች።

ሥዕሉ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ፀጉሯን የቆለለች አስተናጋጅ ትሪ ይዛ ትስቃለች። ቀለሙ ሆን ተብሎ ስለደበዘዘ ሃምሳ ዓመት ፀሐይ የመታው ይመስላል። ከፊቷ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ሳህኑ ላይ ተደፍቷል። አገጩ ሁለት ነው፤ ቦርጩ ጠረጴዛውን ይገፋል።

አላፊ አግዳሚው ሰውዬውን አላጣውም፤ የሕንፃው አከራይ ነው። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

አከራዩ እየተንደረደረ መጣ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ነኝ ካሉ ይሁን።»

«አጥፊው!»

«አላጠፋም።»

ነጭ ቀለም አስቀባበት። በማግስቱ መሰላሏን አቁማ መልሳ ሳለችው፤ ቦርጩ ጨምሯል። አሁንም አስቀባ። አሁንም ሳለች፤ ሦስተኛ አገጭ ወጣለት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ፈራች። «በእናትሽ ይቅርብሽ፣ እህቴ! ያስወጣኛል።»

«ሁለት ዓመት የሚቀረው ውል አለሽ፤ የትም አያስወጣሽም። በእናቴ ከመጣሽብኝማ ጭራሽ አልተውም።»

አከራዩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጢሙ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ብቀባው መልሰሽ ልትስዪ ነው?»

«መቶ ጊዜ! ይሄ ልስን ግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ እስላለሁ።»

«እንግዲያው ልስኑን አስነሳዋለሁ! ከሃያ ዓመት በፊት ያስለሰንኩት እኔ፣ የማስፈርሰውም እኔ!»

«አያደርጉትም!» ብላ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆመች።

«ታዪኛለሽ!»

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሠራተኞች መሮና መዶሻ ይዘው መጡ። ሰው ግጥም ብሎ ተሰበሰበ። አስተናጋጆቹ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወጥተው ከጎኗ ቆሙ።

«ዞር በይ» አላት አከራዩ።

ዓይን ዓይኑን አየችው። አንገቷን አልደፋችም። ከዚያ ቀስ ብላ ዞር አለችለት።

«አይ፣ ተሸነፈች» አለ አንዱ ከሰዉ መሐል።

መዶሻው አረፈ። የአስተናጋጇ ፊት ተሰንጥቆ ወደቀ፤ ባለባርኔጣውም ከነቦርጩ ተከተላት። አከራዩ አቧራውን ከኮቱ እያራገፈ ሳቀ።

ሠዓሊዋ ወደ ሠራተኞቹ ጠጋ አለች። «ቀስ አድርጋችሁ አንሱት፣ ወንድሞቼ፤ ከስር ያለውን ሥዕል የሳለችው እናቴ ናት።»