የአሰጋሽ ሆላንድኛ

አሰጋሽ ሆላንድኛ መማር የጀመረችው ባሏ ይመር ጭነት ይዞ አዲስ አበባ በሄደበት ሰሞን ነው። አሰብ ውስጥ ዓረብኛ ይጠቅማል፤ ጣሊያንኛም ቢሆን ከጋራዥ አይጠፋም። ሆላንድኛ ግን ለአንዲት የሹፌር ሚስት ምን ይሠራላታል?

ይመር ተመልሶ ይህንኑ ሲጠይቃት፣ «የራሴን ነገር በሰው አፍ ማስነገር ሰለቸኝ፤» ብላው ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

አስተማሪዋ የሰፈሩ ባለሱቅ ጋሽ ፈረጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሆላንድ መርከብ ላይ ወጥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሰፈሩ ስልክም ያለው እሳቸው ሱቅ ነው። ባንኮኒው ላይ ብስኩትና ሳሙና ደርድረው ያስረዷታል። ሳሙናው ግሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ቀላል ሲሆን ሳሙናው ሁለተኛ ይቆማል፤ «መቼ» ወይም «ምክንያቱም» የገባበት እንደሆነ ግን፣ እንደ አማርኛችን፣ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ዓርብ ዓርብ ትምህርቱ ይረዝማል።

ሰፈሩ ሳቀ። ይመር አልሳቀም። ወደቡ ላይ ክሬን ሊጠግን የመጣ አንድ ረጅም ሆላንዳዊ ከዚያው ሱቅ ሲጋራ እንደሚገዛ ያውቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ይመር፤ እሱ ደግሞ መመንጠር አይፈልግም።

እሱም ወጣትነቱን በሆላንድ መርከብ ላይ ስላሳለፈ ቋንቋውን ይሰማል። ይህን ለአሰጋሽ ነግሯት አያውቅም፤ ከባሕር የተረፈኝ የወገብ ሕመም ብቻ ነው ይላታል። አሁን ዝምታው ጠቀመው። አልጋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጓዳ ሆና ስታጠና ያዳምጣታል።

ባሌ ቤት የለም ትላለች። መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። ግሱን ያለቦታው ሰነቀረችው፤ ሊያርማት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ፣ «ድምፅህን ስሰማ ደስ ይለኛል፤» አለች። ይህቺኛዋን ደጋግማ አጠናቻት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይወዳታል። እሷን ካጣ ቤት የሚለው ነገር አይኖረውም።

ዓርብ ዕለት አዲስ አበባ መሄዴ ነው ብሎ ተሰናበታት። ስንቁን ቋጥራ ሰጠችው። ተሳቢውን ከከተማው መውጫ አቁሞ በታክሲ ተመለሰ።

ሱቁ ውስጥ ሆላንዳዊው የለም። አሰጋሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ስልክ ይዛለች። ባሏ ቤት እንደሌለ ተናገረች። መቼ እንደሚመለስ እንደማታውቅም ተናገረች፤ ግሱ ቦታው ገባ። ጋሽ ፈረጅ ይመርን አዩትና አንገታቸውን ደፉ።

«ድምፅህን ስሰማ ደስ ይለኛል፤» አለች አሰጋሽ ድምፅዋን አለስልሳ።

ይመር ስልኩን ከእጇ ነጠቀ። «ማነህ አንተ?» ብሎ ጮኸ፣ በጠራ ሆላንድኛ።

አሰጋሽ አልደነገጠችም። ተነሥታ በርጩማዋን ለቀቀችለት።

«ፓፓ፣ አንተ ነህ?» አለው የልጅ ድምፅ፣ በዚያው በሆላንድኛ።