የጎማው ስፖንጅ

ቧንቧ ሠራተኛው የተደፈነ ሽንት ቤት እያፏጨ የሚከፍት ሰው ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አይጠየፍም። በእረፍት ቀኑ ደግሞ በሪሞት የምትነዳ፣ ድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና ይሠራል። ጎማዎቿ ድንጋዩን ጭምድድ አድርገው እንዲይዙ ውስጣቸው ለስላሳ ስፖንጅ ይጠቀጠቃል፤ ሲጫኑ አየር እንዲያስወጡም በመርፌ ይበሳሉ። ስፖንጁን ከየት አመጣው ቢሉ፣ አማቱ ታመው ከሞቱበት ፍራሽ ላይ ቆርጦ።

«የአባዬን ፍራሽ ለመጫወቻ?» ብላ ሚስቱ አኩርፋ ነበር።

«ሊጣል አይደል እንዴ!» አላት።

ዛሬ የመጀመሪያውን ጎማ ገጥሞ በአውራ ጣቱ ሲጫነው፣ ከቀዳዳው ሞቅ ያለ አየር ወጣ። ያልታጠበ አፍ፣ መድኃኒትና ያደረ ወተት ይሸታል። ፊቱን አዞረ። ጣቱ ላይ ዝልግልግ ያለ ቢጫ ነገር ቀርቷል፤ ሱሪው ላይ ቢጠርገው ክር ሆኖ ተከተለው።

«ቱ! ፍራሹ ሳይደርቅ ነው የቆረጥኩት» አለ ለራሱ። መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ ትቶ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ከኋላው አክታ የበዛበት ሳል ሰማ። ዞር ቢል ማንም የለም። ጎማውን የነካው የለም፤ ግን ያብጣል፣ ይሟሽሻል።

ሚስቱ ከወጥ ቤት እየሮጠች ገባች። የአባቷን መትፊያ ሳህን ይዛለች። ሁለት ዓመት ያስታመመ እጇ የለመደውን አደረገ፤ ሳህኑን ሳሉ ወደሚመጣበት አስጠጋችው።

«አይዞህ አባዬ፣ አትዋጠው። ትፋው» አለች።

ጎማው ተፋ።