የላላው ቁልፍ

ዶክተሯ ወረቀት ላይ እየሣለች ስታስረዳ፣ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከዶክተሯ ጋዋን ሁለተኛ ቁልፍ ላይ መንቀል አቃታት። ቁልፉ በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። ማን ይሆን እንዲህ በግዴለሽነት የሰፋው?

«ካንሰሩ በጊዜ ስለተደረሰበት ሁለቱም መንገድ ይሆናል» አለች ዶክተሯ። «ወይ ዕጢውን ብቻ አውጥተን ጨረር እንጨምራለን፣ ወይ ጡቱን ሙሉ በሙሉ እናነሣለን። በሕይወት የመቆየት ዕድልዎ በሁለቱም ያው ነው። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

«ምን ምርጫ አለው! ሙሉው ይውጣላትና እንረፍ» አለች አብራት የመጣችው የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት፣ ቦርሳዋን እየከፈተች እየዘጋች። «ጨረር ማለት እኮ ስንት ሳምንት በየቀኑ መመላለስ ነው። ማን ይችለዋል?»

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። ውጤቱን ከሰማች ጀምሮ እጇ አልታዘዝ ብሏት ሱቋን ዘግታ ሰንብታለች። ልብስን ሰው ላይ እንዳለ ደግሞ በዕድሜዋ ሰፍታ አታውቅም፤ ደንቧ ነው። ቢሆንም ከኮሌታዋ ላይ ክር ያለበትን መርፌ ነቀለች።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ቁልፍዎ ሊወድቅ ነው። ካልተንቀሳቀሱ አልወጋዎትም።»

ዶክተሯ ትንፋሿን ውጣ ቀጥ አለች። መርፌው አምስት ጊዜ ገብቶ ወጣ፤ የልብስ ሰፊዋ እጅ ንቅንቅ አላለም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቁልፉን ሳብ አድርጋ ሞከረችው።

«ዕጢውን ብቻ ያውጡልኝ» አለች። «ለጨረሩ በየቀኑ እመጣለሁ። የታችኞቹም ቁልፎች ላልተዋል።»