ለሦስት ቀን ደሴት፣ ሦስት ቀን ሰርግ

ባሌ አስናቀ ሩቅ ሞቃት ደሴት ሄጄ ዓሣ ላጥምድ፣ በባሕር ላይ ልንሸራተት ብሎ ተነሣ። ዋና እንኳ አይችልም። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ገዝቶ ሳሎን ውስጥ ለብሶት ይውላል።

አሁን ለጉዞ የሚከፈለው ብር አይደለም። የጉዞ ቢሮዎች ለእያንዳንዱ የመዝናኛ ቀን አንድ የደስታ ቀን ከትዝታችን ይወስዱብናል። የሐዘን ቀን አይቀበሉም። ቢቀበሉማ እኔ ዓለምን በዞርኩ።

የሞላውን የጉዞ ቅጽ ሳየው፣ ለሦስት ቀን ጉዞው ያስመዘገበው ሰርጋችንን፣ መልሱንና ቅልቅሉን ነው።

"ሌላ ቀን አጣህ?" አልኩት።

"ተከታትለው ደስ ያሉኝ ሦስት ቀኖች እነሱ ብቻ ናቸው" አለኝ፣ የሰደርያውን ማሰሪያ እየጎተተ። የሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ምስጋናው ይኼ ነው።

ከጉዞ ቢሮው አንዲት ልጅ የሚስት ፈቃድ ያስፈልጋል ብላ ደወለችልኝ።

"ሲመለስ ያውቀኛል?" አልኳት።

"ያውቅዎታል እናቴ። እንዴት እንዳገባዎት ብቻ ነው የማያስታውሰው።"

"እሱንማ እኔም ረስቼዋለሁ" አልኳትና ፈቀድኩ።

አስናቀ ደስ ብሎት ሊስመኝ መጣ። በእጄ ገፋ አደረግሁት።

"ቆይ። ሰርጉን ከሰጠሃቸው እኔ ሚስትህ አይደለሁም። ስትመለስ እንደ ወጉ ሽማግሌ ትልካለህ። ያን ጊዜ እሺ ያለህ አባቴ ነበር፤ አሁን እሱ የለም። መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።"

አስናቀ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "እምቢ ብትይስ?"

"እሱን ከደሴቱ ስትመለስ ትሰማዋለህ" አልኩት።